ሮማዊት ሆኜ የተጠራሁበት ሳምንት

የዛሬ ልጆች የሞተ ሰው ይወዳሉ። የሞተ ስላችሁ አምና የሞተውን አይደለም፤ ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት የሞተውን ነው። ምን ይበላ እንደነበር፣ ምን ዓይነት ጫማ ያደርግ እንደነበር፣ ጥርሱን በምን ይፍቅ እንደነበር አንድ በአንድ ይነግሯችኋል። አጠገባቸው ሶፋ ላይ ተቀምጦ የሚያስለውን ግን፣ ገና ስላልሞተ ይመስለኛል፣ ምንም አይጠይቁትም። እኛም ሞተን ሁለት ሺህ ዓመት ሲሞላን ተራችን ይደርስ ይሆናል። ያን ጊዜ የሚመልስላቸው ካገኙ።

እኔ ሮማውያንን የማውቃቸው ከስቅለት ነው። ጌታን የገረፉት፣ ልብሱን ዕጣ ተጣጥለው የተካፈሉት ወታደሮች ናቸው፤ አለቀ። ሚስት ይኖራቸዋል፣ ደጅ ቆማ መንገድ መንገድ የምታይ ሴት ትኖራቸዋለች ብዬ አስቤ አላውቅም። ማንስ ሊነግረኝ፤ ፊደል የቆጠርኩት ጠጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው። ስሜን እጽፋለሁ፣ የመድኃኒቴን ስም አነባለሁ። ከዚያ የበለጠውን ለጉረኞች ትቼዋለሁ።

በቀደም አንድ ቅዳሜ የልጄ ልጅ ቤዛ እኛ ቤት መጣች። ቤዛ እዚሁ ኦስሎ የተወለደች የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ናት፤ ቪደሬጎንደ፣ ማለት ሁለተኛ ደረጃ፣ ሁለተኛ ዓመት ደርሳለች። ጠበቃ ልሁን ትላለች፤ አፏን ላየ ሰው ሆና የጨረሰች ነው የምትመስለው። እኔና አያቷ የምንኖረው አመሩድ የሚባል ሰፈር፣ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ነው። ኮምፒውተሯን ጭኗ ላይ ዘረጋችና፣

«እማማ፣ ባሏ ጦርነት የሄደባት የሮማ ገበሬ ሚስት ሆኜ ደብዳቤ መጻፍ አለብኝ። ምን የምትል ይመስልሻል?» አለችኝ።

«የሮማ ወታደር ገበሬ ነበር እንዴ?»

«አዎ፣ ገበሬ ነበር። አታውቂም?»

አንቺ ነው የምትለኝ። «እርስዎ» የሚባለው ነገር ከአውሮፕላኑ አብሮን አልወረደም።

ከዚያ ነገረችኝ። መጀመሪያ ላይ ጦርነቱ ቅርብ ነበር አሉ፤ ሰውየው ተዋግቶ ለአጨዳ ይመለሳል። ኋላ ጦርነቱ ባሕር ተሻገረ፣ ሰውየው ስድስት ሰባት ዓመት ቀረ። ሚስት ብቻዋን ምን ታድርግ፤ ባለጸጋው ጎረቤት መሬቱን ጠቀለለው። ማንን አሳረሰበት መሰላችሁ? ያ ወታደር ራሱ ማርኮ የላካቸውን ባሮች። ሰውየው የሰው አገር ይዞ ሲመለስ በገዛ አገሩ ችካል የሚተክልበት የለውም። ከተማ ገብቶ የመንግሥት ስንዴ ሲጠብቅ ይኖራል።

ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር፤ እጄ ቆመ። እስከዚያች ቀን ድረስ እንዲህ ያለ ነገር በዓለም ላይ የደረሰው በእኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ባሌ በብሔራዊ ውትድርና ሲወሰድ ከተጋባን ሁለት ዓመት አልሞላንም። ሰባት ዓመት ሰሜን ግንባር ቆየ። እኔ መጻፍ አልችል፤ ደብዳቤ የሚጽፍልኝ የገበሬ ማኅበሩ ጸሐፊ ነበር። በሦስተኛው ዓመት፣ አራሽ የሌለው ቤት መሬት አይዝም ተባለና መሬታችንን ወሰዱት። የወሰደው ማን ነው? ይኸው ጸሐፊ። እኔ ፊቱ ተቀምጬ፣ «መሬታችን ተወስዷል በልልኝ» እላለሁ፤ እሱ፣ «ግንባር ላለ ሰው መጥፎ ወሬ አይጻፍም» ይልና፣ «ሁላችንም ደህና ነን፣ መሬቱም ደህና ነው» ብሎ ይጽፋል። መሬቱማ ደህና ነበር። እሱው እያረሰው።

ያን ቀን ለቤዛ የነገርኳት፣ መጻፍ ብችል ኖሮ የምልከውን ደብዳቤ ነው። እስኪመሽ አወራሁ፣ እስኪመሽ ጻፈች። ጤፉን ስንዴ፣ ጸሐፊውን የሮማ ባለጸጋ አደረገችው። በሬዎቹን አልነካቻቸውም፤ በሬ ለካ የትም በሬ ነው።

በሳምንቱ ልጅቷ ዓይኗ አብጦ መጣች። አስተማሪዋ፣ ይህን የጻፈው ኮምፒውተር ውስጥ ያለው ማሽን ነው፣ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ እንዲህ አትጽፍም ብላታለች። ማጭበርበር ከሆነ የታሪክ ውጤት የለም፤ ጥብቅናውም ገደል ይገባል። ቤዛ፣ «አያቴ ነች የነገረችኝ» ስትላት፣ «እንግዲያው አያትሽ ይምጡ» አለቻት።

ደነገጥኩ። ሰባ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ በዕድሜዬ ብዙ ነገር ተብያለሁ፣ ማሽን ተብዬ ግን አላውቅም።

ነጠላዬን ለብሼ በባቡር ሄድኩ። አስተማሪዋ አጭር ጸጉር ያላት ወጣት ናት፤ የዚህ አገር ሰው መቼም ሲከስሳችሁም ውኃ ቀድቶ ነው። ቤዛን ውጪ አስቀመጧት። ጠረጴዛው ላይ ስልክ ተከፈተ፤ ቶልኩ፣ ማለት አስተርጓሚው፣ በዚያ ውስጥ ነው ያለው። ድምፁ የጎረምሳ ነው።

«ይህች ሮማዊት እርስዎ ነዎት ወይ እያለች ነው፣ እማማ።»

«ሮም ሄጄ አላውቅም በላት።»

«እንደሱ ብዬ ልተርጉመው?»

«ያልኩትን ተርጉም። ለሱ አይደል የተቀመጥከው።»

ከዚያ ጀመርኩ። እሷ ወረቀቱን ዘርግታ፣ እኔ ስናገር፣ እሱ ሲተረጉም፣ በጣቷ መስመር መስመሩን ትከተላለች። ጣቷ ወረቀቱ መጨረሻ ላይ ደርሶ ቆመ። እኔ ግን አልቆምኩም። ለቤዛ ያልነገርኳትን፣ ለንስሐ አባቴም በግማሽ ብቻ የተናገርኩትን፣ ለማላውቀው ስልክ ነገርኩት።

ባሌ ሲመለስ ትከሻው ላይ ጠመንጃው ነበር። ውኃ እንኳ ሳይጠጣ፣ «መሬቱን ማን ነው የሚያርሰው?» አለኝ። እውነቱን ብነግረው ሄዶ ጸሐፊውን ይገድላል፤ የጸሐፊው ወንድሞች ደግሞ እሱን። ሰባት ዓመት የጠበቅሁትን ሰው ለአንድ ቀን ልቀበለው? «እኔው ነኝ በፈቃዴ ያስረከብኩት። ደከመኝ» አልኩት። ከዚያ ወዲህ ስሜ «አስረካቢዋ» ነው። በሰርግ፣ በክርስትና፣ ሰው ሲሰበሰብ፣ «መሬቴን አስረካቢዋ፣ እስቲ ውኃ አቀብይኝ» ይላል፤ ሰው ይስቃል፣ እኔ አንገቴን ደፍቼ አቀብላለሁ።

ትርጉሙን ጠበቅኩ።

«ልጄ፣ አለህ?»

«አለሁ፣ እማማ» አለ፣ ጉንፋን የያዘው መስሎ። ከዚያ ተረጎመ።

አስተማሪዋ ፊቷ ሲነጣ አየሁ፤ እነሱም ከዚህ የበለጠ መንጣት ይችላሉ ለካ። አምናኛለች። ግን ማመኗ ብቻውን ለትምህርት ቤቱ አይበቃም። ሰኞ ቤዛ እዚያው ክፍል ቁጭ ብላ፣ ያለ ኮምፒውተር፣ በእጇ፣ የባልየውን መልስ እንድትጽፍ ተወሰነ። እሱን ከጻፈች ክሱ ተዘጋ፤ ካቃታት ዜሮ።

ደስ ብሎኝ ቤት ስገባ አያችሁ፣ ሞኝነቴ ገና አልታየኝም። የባል መልስ የሚጠየቀው ማን ነው? ባል ነዋ። ዕቃ ቤት ሆኜ ስሰማ ቤዛ አያቷ ፊት ተቀምጣ፣ ደብዳቤውን በተሰባበረ አማርኛዋ ትተረጉምለታለች። «ባሌ ሆይ፣ መሬቱን የወሰደው እስከ ዛሬ ደብዳቤ ሲጽፍልኝ የኖረው ሰው ነው...»  ዕድሜዬን ሙሉ የደበቅኩት ነገር፣ በዘጠነኛ ፎቅ ላይ፣ በቤት ሥራ ስም ተነበበ።

ባሌ ቴሌቪዥኑን አጠፋ።

«አባባ፣ ሮማዊው ይህን ሲያነብ ምን ብሎ የሚመልስ ይመስልሃል?»

«ደብዳቤው አልደረሰውም በይ» አለ። «ነገሩን ግን ያውቅ ነበር። ከሠረገላ የወረደበት ከተማ ላይ ነግረውታል፤ ማን እንደሚያርሰው፣ ከነአባቱ ስም። ከዚያ እስከ ቤቱ በእግሩ ግማሽ ቀን ነው። መንገዱን ሙሉ ያንን ሰው በሐሳቡ ሲገድል ሄደ። ደርሶ ሚስቱን ጠየቃት። እኔው ነኝ የሰጠሁት አለችው።»

«እንዴ፣ ዋሸችው?»

«ዋሸችው። እውነቱን ብትነግረው ወንድ መሆን ሊኖርበት ነው። ሰውየው ደግሞ ሰባት ዓመት ወንድ ሆኖ ደክሞታል። ውሸቷን ተቀብሎ ገብቶ ተኛ። ሁለት ቀን ተኛ ብለሽ ጻፊ።»

«ታዲያ ማወቁን ለምን አልነገራትም?»

«ከነገራት አወቀ ማለት ነዋ። ካወቀ ሊሄድ ነው።»

ዕቃ ቤት ውስጥ ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። እንግዲህ አስቡት፤ ይህን ሰው ከሞት ያተረፍኩት እኔ ነኝ እያልኩ፣ በሆዴ ኮርቼ፣ ስድቡን እንደ ጌጥ ተሸክሜ ኖሬያለሁ። እሱ ለካ እያወቀ ነው የተረፈው። እያወቀ ነው አስረካቢዋ የሚለኝ።

ቤዛ ሰኞ ጽፋ አምስት አገኘች፣ ከስድስት። አንዷን የቀነሱባት፣ ባልየው ለተናገረው ነገር ምንጭ አልጠቀስሽም ብለው ነው።

ያን ቀን ማታ ራት አቀረብኩለትና ፊቱ ቆምኩ። «ሮማዊው፣ ሚስቱን ያን ሁሉ ዓመት በሰው ፊት ሲሰድባት መኖሩንስ ለቤዛ ነግረሃታል?» አልኩት።

ወጡን ወደ ራሱ ሳብ አደረገ።

«እሱ» አለ፣ «በቤት ሥራው አልተጠየቀም።»