ክቡር የአሸንዳ ጠቅላይ አዛዥ

ጎረቤቱን ትቶ የጎረቤቱን ጣሪያ ሰላም የሚል ሰው የሌለበት ሰፈር ገና አልተሠራም። የእኛው ሰው ክቡር የአሸንዳ ጠቅላይ አዛዥ ይባላሉ። ሹመቱን የሰጠናቸው እኛው ነን፤ እሳቸው ግን "ዘገያችሁ" ባይ ናቸው።

"ደህና አደርክ ልጄ?" ይሉሃል፣ ዓይናቸውን ቆርቆሮህ ላይ ተክለው። "ያቺ ዝገት ግን ደህና አላደረችም።"

አንዴ ለቅሶ ቤት ገብተው "እግዚአብሔር ያጥናችሁ" ካሉ በኋላ፣ ትንፋሽ እንኳ ሳይስቡ "አሸንዳችሁ ግን ታንቋል" አሉ። ሟቹ ቢሰሙ ተነሥተው መሰላል ባቀረቡ ነበር።

አምና አዲስ አሸንዳ አሠራሁ። ሠራተኛው በማስመሪያ የተሰመረ የሚመስል ቀጥ ያለ ነገር ሰቀለልኝ። ደረቴን ነፍቼ አዛዡን ጠራኋቸው። አንድ ጆግ ውሃ ይዘው መሰላል ላይ ወጡና አፈሰሱበት። ውሃው መሄጃው ጠፍቶት ቆመ።

"ጋሼ፣ እንዲህ ቀጥ ብሎ ምን ይወጣለታል?" አልኩ።

"ጥፋቱስ ቀጥ ማለቱ! አሸንዳ ሰልፍ ላይ የቆመ ወታደር መሰለህ? ወደ መውረጃው ካላዘነበለ ውሃውን ግድግዳህ ላይ ነው የሚተፋው!"

አልሰማሁም። በመጀመሪያው ዶፍ ውሃው ሞልቶ ወደ ውስጥ ዞረ፤ የሳሎኔ ኮርኒስ እንደ እርጉዝ ሆድ ተነፋ። ባለቤቴ ድስቱን፣ ባልዲውን፣ በመጨረሻም የእኔን ባርኔጣ ከሥሩ ደረደረች። አዛዡ በዝናቡ መሃል መሰላላቸውን ተሸክመው ከተፍ አሉ፤ የአሸንዳውን አንድ ጫፍ ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ቢያደርጉት ውሃው እንደ ተፈታ ጥጃ ወደ ቱቦው ጋለበ።

"አላልኩህም?" አሉ። ከጸሎት ቀጥሎ አዘውትረው የሚሉት ይህንኑ ነው።

ዘንድሮ ጉልበታቸው ከዳቸው። ባለቤታቸውም መሰላሉን ዕቃ ቤት ቆለፉበት። "ከእንግዲህ አንድ ደረጃ ብትወጣ እኔ ቤቱን ለቅቄ እሄዳለሁ!"

ሰፈሩ ነፃ ወጣን ብሎ ተደሰተ። ደስታው ግን ብዙም አልቆየም። አዛዡ በረንዳ ላይ ተኮራምተው ደመና ሲያዩ ይውላሉ። ባለቤታቸው መንገድ ላይ አግኝተውኝ፣ "እህል አልወርድለት አለ፤ ከእንግዲህ ማን ይፈልገኛል ይለኛል" አሉኝ።

ዛሬ ማለዳ አሸንዳዬን እንደ መስታወት ወልውዬ አጸዳሁና በራቸውን አንኳኳሁ።

"ጋሼ፣ ከታች ሆነው ያዩልኝ እንደሆነ? እኔማ ምኑም አይታየኝ።"

"አንተ ደሞ መቼ አይተህ ታውቃለህ! ወንበር አውጣልኝ፣ መጣሁ!"

ከዘራቸውን ፈልገው እስኪወጡ፣ ሮጬ የራሴ መሰላል ላይ ወጣሁና ከጠረግሁት ቅጠል ሁለት እፍኝ መልሼ ወተፍኩበት።