የጋሽ መኩሪያ ቀኝ እጅ

«በየትኛው እጄ ነው ያማተብኩት? ተናገር እንጂ!» አሉኝ ጋሽ መኩሪያ፣ ስልካቸውን አፍንጫዬ ሥር ደቅነው።

አየሁ። ስልኩ ውስጥ ያሉት ጋሽ መኩሪያ በግራ እጃቸው ያማትባሉ። ያውም ከቀኝ ትከሻ ወደ ግራ።

«በግራ ነው ጋሼ።»

«አንተም?» ብለው ሶፋው ላይ ዘጭ አሉ።

ሰው ስልክ ሲገዛ የማያውቀውን ሰው አመል አብሮ ይገዛል። ቪዲዮው ምን ያህል ይጥራ፣ ምን ያህል ይክበድ፣ ወዴት ይዙር የሚለውን አንድ ሩቅ አገር የተቀመጠ ሰው አስቀድሞ ወስኖልናል፤ እኛም እንዳመጣልን እንቀርጻለን። አብዛኞቻችን ሴቲንግ ከምንነካ የመብራት ቆጣሪ ብንነካ እንመርጣለን። ስለዚህ በየሰፈሩ አንድ የሚነካ ሰው አይጠፋም። እንደ ወጌሻ ማለት ነው፦ ከተሻለ የእግዜር ሥራ፣ ካልተሻለ የእሱ ጥፋት። በእኛ በቀጨኔ ዳገት ያ ሰው እኔ ነኝ። ማን እንደሾመኝ አላውቅም።

ጋሽ መኩሪያ የማኅበራቸው ሙሴ ናቸው። ማኅበርተኛውን የሚመሩት፣ የተጣላውን የሚያስታርቁት እሳቸው። ጉልበታቸው ካበጠ ወዲህ ግን ቁልቁለቱ አስፈርቷቸው ሁለት ወር ቀሩ። ጉርምርምታ ተነሳ። ዛሬ በስድስት ሰዓት ሲሰበሰቡ ሌላ ሙሴ ሊመርጡ ነው የሚል ወሬም ዳገቱን ወጥቶ ቤታቸው ገባ። ጋሼም ዘመነኛ ሆኑ፤ «በቴሌግራም እመራለሁ» አሉ። ትናንት አማትበው፣ ሰላምታቸውን ቀርጸው ለማኅበርተኛው ላኩ። መልስ የሰጠው አንድ ሰው ብቻ ነበር።

«ሙሴያችን ግራና ቀኛቸው ከጠፋባቸው ባሕሩን ማን ይከፍልልናል?»

ከሥሩ ሃያ ሦስት ሳቅ።

ሰይጣን የለበትም፤ ሴቲንግ ነው። የፊት ካሜራው የቀረጸውን እንደ መስታወት ገልብጦ ያስቀምጣል። ጋሼ ከመላካቸው በፊት አይተውታል፤ ግን ያዩት ዕድሜ ልካቸውን መስታወት ውስጥ ያዩትን ስለሆነ እንከን አላገኙበትም።

ሁለት ቦታ ነካሁ። መገልበጡን አጠፋሁ። ጥራቱንም ዝቅ አደረግሁት፤ በዚህ ኔትወርክ ጥርት ያለ ቪዲዮ እስኪሄድ ማኅበሩ ጠላውን ጨርሶ ይበተናል።

«አሁን ያማትቡ ጋሼ።»

አማተቡ። በቀኝ እጅ፣ ከግራ ትከሻ ወደ ቀኝ። እንከን የለሽ። በኩራት አጫወትኩላቸው።

እጃቸውን አላዩም።

«ይሄ ማነው?»

«እርስዎ ነዎት።»

«ቅንድቤ ላይ ያለው ጠባሳ እኮ ተሻግሯል! አፌን ማን አጣመመው?» ስልኩን ራቅ አድርገው ያዙት፣ መልሰው አቀረቡት። «ይሄማ የመታወቂያዬ ሰውዬ ነው!»

ለካ እሳቸው እስከዛሬ ፎቶ አንሺ ሁሉ አበላሽቶ ያነሳቸው ይመስላቸው ነበር።

ባለቤታቸው እትዬ አስካለ እጃቸውን እየጠረጉ ከጓዳ ወጥተው አዩት። «ምን ሆነ? አንተው ነህ። ያገባሁት ይሄንኑ ነው።»

«ይሄን አይተሽ ነው እሺ ያልሽው?»

«መች ተጠየቅኩ?»

አምስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። «ልላከው?» አልኩ።

«ይሄን አጣማማ ማን ይመርጠዋል? የትናንቱ ይሻላል።»

«የትናንቱ እኮ በግራው ነው የሚያማትበው።»

እስቲ እርስዎ ይፍረዱ፣ አንባቢዬ። በአንዱ ቪዲዮ እጁ የእሳቸው፣ ፊቱ የባዕድ። በሌላው ፊቱ የእሳቸው፣ እጁ የባዕድ። ሁለቱን የሚያስታርቅ ሴቲንግ ፈለግሁ። ከልቤ ፈለግሁ። የለም።

ጋሽ መኩሪያ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ተነሱ። ጉልበታቸው ቀጭ አለ። ነጠላቸውን አጣፉ።

«እግሬ ይሰበር እንጂ ራሴ እወርዳለሁ! በዓይናቸው በብረቱ ይዩኝ!»

«አንተ ሰውዬ፣» አሉ እትዬ አስካለ ከኋላቸው፣ «ወርደህስ የትኛውን ፊት ልታሳያቸው ነው?»

በሩ ድርግም ብሎ ተዘጋ።