ቁናን ያሰናበትንበት ስብሰባ

ሰው አዲስ ነገር አይወድም ይላሉ፤ ውሸት ነው። አዲስ ጫማ የሚጠላ ማን አለ? ሰው የሚጠላው አዲሱ ነገር መጥቶ «አንተስ ከእንግዲህ ምን ትሠራለህ?» ሲለው ነው።

እኔ አሰላ፣ ሐጂ ከድር እህል መጋዘን ውስጥ ጸሐፊ ሳለሁ፣ ሐጂ ትልቅ የብረት ሚዛን አስመጡ። እስከዚያ ቀን ድረስ ከገበሬው የምንገዛውን ስንዴና ገብስ በቁና የሚሰፍሩት ጋሽ ቱፋ ነበሩ። የመጀመሪያውን ቁና «አንድ» አይሉም፤ «በረካ!» ብለው ወደ ሁለት ያልፋሉ። እህሉ እንዲጠቀጠቅ ቁናውን አይነቀንቁም፤ የሲሬ ገበሬ ሌላውን መጋዘን ሁሉ አልፎ እኛ ዘንድ የሚመጣውም ለዚህ ነው። ልጆቻቸውን ያሳደጉት በዚያች ቁና ነው። እኔስ? ከሠራተኛው ቁጥር ማንበብ የምችለው እኔ ብቻ ስለነበርኩ፣ እውነቱን ለመናገር፣ በሆዴ እልል ብያለሁ።

ሐጂ ግን ጋሽ ቱፋን እንዲሁ ማሰናበት ከበዳቸው። የወንድማቸው ልጅ፣ አስተማሪው ጀማል፣ «ሠራተኛው ክብ ሠርቶ ይቀመጥ፣ እኔ ላወያየው፣ ሁሉም የልቡን ይናገር» አለ። የልቡን! በጌታው ፊት! ከኩሊዎቹ ጋር ጆንያ ላይ ተቀምጠን በየተራ ልባችንን ብንገልጥ፣ የሁላችንም ልብ «ሐጂ እንዳሉት» የሚል ሆኖ ተገኘ። ሐጂ ገና ምንም አላሉም ነበር እኮ! ጀማል ዝም ብለው እንዲያዳምጡ ለመናቸው። እሳቸው ዝም ሲሉ እኛ መቁጠሪያቸውን ማየት ጀመርን፤ ፈጠን ካለ ሐሳባችንን እንለውጣለን። ጀማል ቢቸግረው «ይውጡልኝ» አላቸው። ወጡ። እኛም ሐጂ ቢኖሩ ምን ይሉ እንደነበር ክርክር ገጠምን።

ያኔ ጋሽ ቱፋ ብድግ አሉ። «ያ ረቢ! ሰውዬው ከወጡ ቆዩ እኮ!» አሉን። ቀጥለውም «እኔ ፈርቻለሁ፣ በዚህ ዕድሜዬ ማን ሥራ ይሰጠኛል?» አሉ። ሚዛኑን እንደማይጠሉት፣ ግን ገበሬው ብረት ያምን እንደሆነ የጠየቀ ሰው እንዳላዩ ተናገሩ።

አፈርኩ። አንዱ ኩሊ እሱም ሲፈራ እንደከረመ አወጣ፤ ሌላውም ተከተለ። ተራዬ ሲደርስ የጋሽ ቱፋን ቦታ ተመኝቼ እንደነበር ተናዘዝኩ። ጋሽ ቱፋ ሳቁብኝ፤ ዓይንህ ቀድሞ ነግሮኛል አሉኝ።

በመጨረሻ ተስማማን፤ ሚዛኑን እኔ አነብባለሁ፣ ቁጥሩን ለገበሬው ከፍ ባለ ድምፅ የሚያውጁት ጋሽ ቱፋ ናቸው። ሐጂም ተመልሰው ሲሰሙ ተደሰቱ። የተማርኩት እኔ በጋሽ ቱፋ ጆሮ ቁጥር ማንሾካሾክ ሥራዬ ሆነ።

አንድ ቀን ጋሽ ቱፋ አሟቸው ቀሩ። አንድ የሲሬ ገበሬ ስንዴውን ይዞ መጣ። ጆንያዎቹን ሚዛን ላይ አውጥቼ ቁጥሩን ጥርት አድርጌ፣ ያውም ሁለት ጊዜ፣ አነበብኩለት። ሰውየው በትዕግሥት አዳመጠኝ፤ አመሰገነኝም። ከዚያ ጆንያው ላይ ተደላድሎ ተቀመጠና፣ ጋሽ ቱፋ መቼ እንደሚሻላቸው ጠየቀኝ።