የካርድ ጥርስ

የቤት ኪራይ ያልከፈለን ሰው ለመለየት ድሮ ብዙ ድካም አልነበረውም። መንገድ ላይ ሲያያችሁ ጥግ ይዞ የሚያልፈው እሱ ነው። ሰላምታ የሚያበዛውም እሱ ነው፤ እናታችሁን፣ አማታችሁን፣ የጎረቤታችሁን ላም ሳይቀር ደኅና ናት ወይ የሚል። ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ ቀበሌ የኪራይ ጸሐፊ ሆኜ ስቀጠር የምሠራው በዚህ ዕውቀት ነበር። መዝገብም ነበረኝ፤ የምገልጠው ግን ለማረጋገጥ ያህል ነው። መንግሥት ግን በዐይን አያምንም። በመዝገብም እምብዛም አያምንም። በሽቦ ያምናል።

ሽቦውን ላስረዳችሁ። ከአዲስ አበባ አንድ ባለሙያ የእንጨት ሳጥን ይዞ መጣ። ሳጥኑ ውስጥ ወፍራም ካርዶች አሉ፤ ለአንድ ተከራይ አንድ ካርድ። በካርዱ ጠርዝ ዙሪያ ቀዳዳዎች ተደርድረዋል፤ እያንዳንዱ ቀዳዳ ትርጉም አለው። አንዱ የቤተሰብ ብዛት ነው፣ አንዱ የክፍል ብዛት፣ አንዱ ደግሞ የስድስት ወር ውዝፍ። ተከራዩ ስድስት ወር ከወዘፈ ከቀዳዳው እስከ ካርዱ ጠርዝ ያለችውን ጥቂት ወረቀት በመቁረጫ ታነሣላችሁ። ከዚያ ረጅሙን ሽቦ በሁሉም ካርድ ቀዳዳ አሳልፋችሁ፣ ወደ ላይ አንሥታችሁ ትነቀንቃላችሁ። የከፈለው ተንጠልጥሎ ይቀራል። የወዘፈው ጠረጴዛው ላይ ዱብ ይላል።

«ሽቦ ዘመድ የለውም» አለ ባለሙያው፣ በኩራት።

እውነቱን ነው። እኔ ግን ነበረኝ።

ያን ጊዜ ልጄ ጽጌ ስድስት ዓመቷ ነው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቢሮ ትመጣና ጠረጴዛዬ ሥር ተቀምጣ የቆረጥኳቸውን የወረቀት ፍንካቾች ትለቅማለች። የፊት ጥርሷ በዚያው ሰሞን ወልቆ ነበርና ፍንካቾቹን «የካርድ ጥርስ» አለቻቸው። በክብሪት ቀፎ ታጠራቅማቸዋለች።

«አባዬ፣ ተመልሶ ይበቅላል?»

«የካርድ አይበቅልም።»

«የኔስ?»

«ያንቺ ይበቅላል።»

ጥር ላይ ታመመች። ልቧ ነው አሉን። ደሞዜ በሐኪም ቤትና በመኪና ኪራይ አለቀ። ነሐሴ ላይ ሞተች። ጥርሷ ገና ብቅ ማለቱ ነበር።

ስለዚህ ነገር ብዙ አልጽፍም።

በመስከረም ወደ ሥራ ስመለስ ከሊቀመንበሩ ትእዛዝ ጠበቀኝ። ሊቀመንበሩ አብሮኝ የተማረ ሰው ነው፤ ክፉም አይደለም፤ ከላይ የታዘዘውን ወደ ታች ያዝዛል። ስድስት ወር የወዘፈ ሁሉ በመጪው ሐሙስ በኮሚቴ ፊት በሽቦ ይለያል፤ ካርዱ የወደቀበት ሰው ቤት ይለቃል፣ ወይም ኮሚቴው የፈቀደው ይደረግበታል።

የሚወድቁትን ለማወቅ ሽቦ አላስፈለገኝም። ሁለት ነን። አንደኛዋ እትዬ ዘነበች ናቸው፤ ሁለተኛው እኔ። የሁለታችንንም ጥርስ የነቀልኩት በገዛ እጄ ነው፤ ሥራዬ ስለሆነ።

እትዬ ዘነበች የሚኖሩበትን ቤት ከባላቸው ጋር ያሠሩት ራሳቸው ናቸው። ሌላም ቤት ስለነበራቸው ይሄኛው «ትርፍ» ተባለና ተወረሰ፤ ሌላው ደግሞ ለመሥሪያ ቤት ተፈለገና ተመልሰው በዚሁ በትርፉ ተከራይ ሆኑ። ቃሉን ልብ በሉልኝ። ገበያ ላይ ትርፍ ሲባል ሰው ደስ ይለዋል፤ ቀበሌ ውስጥ ሲባል ግን ዕቃውን መቁጠር ይጀምራል።

ረቡዕ ዕለት ቢሮ መጡ።

«አንተ ልጅ፣ በገዛ ቤቴ ተከራይ ብለህ ጻፍከኝ፤ ዝም አልኩ። ነገ ደግሞ በሽቦ ልትወጋኝ ነው አሉ?»

«ሽቦው እርስዎን አይነካም፣ እትዬ፤ ካርዱን ነው።»

«እሱስ ደግ። እንግዲያው የሚወጣው ካርዱ ነዋ፤ እኔ ቤቴ እቀመጣለሁ።»

ሳቅኩ። ከነሐሴ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር። ጽጌን አጥበው የገነዟት እኒህ ሴት ናቸው። ባለቤቴ የሺ አልቻለችም፤ እኔም አልቻልኩም። ሲጨርሱ እጃቸውን በነጠላቸው ጠርገው ሄዱ፤ ከዚያ ወዲያ ስለ ነገሩ አንስተው አያውቁም።

በምሳ ሰዓት ሁለቱን ካርዶች ኪሴ ከትቼ ቤት ሄድኩ። የክብሪት ቀፎው ጽጌ ትተኛበት በነበረችው በትንሿ ክፍል መስኮት ላይ ነው። አንድ ፍንካች መረጥኩና በቴምብር ሙጫ በእትዬ ዘነበች ካርድ ላይ ለጠፍኩ። ልክክ አለ። ጥርሱ በቀለ። ሁለተኛውን ላወጣ ስል የሺ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች።

«ምን ልታደርግ ነው?»

ነገርኳት።

«ለእሳቸው ይሁን» አለች። «ለኛ ግን የሷን አትንካ።»

ቀፎውን ዘጋሁት። የራሴን ካርድ እንደነበረ ወደ ኪሴ መለስኩት።

ሐሙስ ኮሚቴው ተቀመጠ። ሊቀመንበሩ ሽቦውን ራሴ ልያዝ አለ። ነቀነቀ፤ አንድ ካርድ ወደቀ። አንድ ብቻ በመሆኑ ቅር ብሎት እንደገና አምርሮ ነቀነቀ። ሙጫው ያዘ። የወደቀውን አንሥቶ ስሙን አነበበና አየኝ። አንዱ የኮሚቴ አባል ሊስቅ ብሎ ተወው።

«ውዝፉ ከደሞዝህ እየተቆረጠ ይከፈላል» አለ ሊቀመንበሩ፤ የአቅሙን ያህል ማዘኑ ነበር። ከዚያ ካርዱን ገልበጥ አድርጎ አየ። «የቤተሰብ ብዛት ሦስት ይላል።»

«አዎ።»

«አሁን ሁለት ናችሁ፣ ጓድ።»

«አዎ።»

«እንግዲህ ለሁለት ሰው ሁለተኛው ክፍል…» አለና ቃሉን ፈራው። ጸሐፊ ነኝና ረዳሁት።

«ትርፍ ነው» አልኩ።

በሳምንቱ በትንሿ ክፍልና በኛ መሃል ያለው በር በጭቃ ተመረገ፤ በውጭ በኩል ሌላ በር ተከፈተላት። ከእነዋሪ ከተማ ተዛውሮ የመጣ አስተማሪ ከሚስቱና ከልጁ ጋር ገባባት። ልጅቱ ሳል አለባት፤ ግድግዳው ሳል አያግድም። የሺ እስኪያቆም ድረስ ሥራዋን ትታ ትሰማለች።

እትዬ ዘነበች እንጀራ በመሶብ ይዘው ሊጠይቁን መጡ። አዲስ የተመረገውን ጭቃ በመዳፋቸው ዳሰስ አደረጉት።

«ከቤታችሁ ቆርሰው ወሰዱ?»

«ወሰዱ፣ እትዬ።»

«እንግዲያስ እንኳን ደኅና መጣህ» አሉኝ፣ እሳቸው ቀድመው በገቡበት ማኅበር እንደሚቀበሉኝ ሁሉ።

የእሳቸው ካርድ እንዴት እንደዳነ አላወቁም፤ አሁን ግን ከዘመድ ገንዘብ ተልኮላቸው ከፍለዋል፤ ሳጥኑም አይጥ ገብቶበት ወደ መዝገብ ተመልሰናል። ስለዚህ ብነግራችሁም የሚወድቅ ሰው የለም።

ለኔ ግን ያኔ አዲስ ካርድ ማውጣት ነበረብኝ። ክፍል፦ አንድ። ቤተሰብ፦ ሁለት። «ሁለት ሰው» የሚለውን ቀዳዳ በመቁረጫ ነከስኩት። ፍንካቿ ጠረጴዛዬ ሥር ወደቀች። የሚለቅማት ስላልነበረ ጎንበስ ብዬ ራሴ ለቀምኳት፤ ቤት ወስጄም፣ ክፍሉ ሳይመረግ የሺ ወደኛ ባመጣችው ቀፎ ውስጥ ከሌሎቹ ጋር ጨመርኳት። በእትዬ ዘነበች ካርድ ላይ ያዋልኳትን የተካሁ መሰለኝ።

የሺ ቀፎውን ወደ ጆሮዋ አስጠግታ ነቀነቀችው።

«ሞላ» አለች።