ድንጋይ የሌለበት ማመልከቻ

[ጉለሌ፣ ሚያዝያ 1971 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት። የአጥናፉ ቤት። ደቻሳ፣ ከሸጎሌ በላይ ካለው ኮረብታ ድንጋይ እየፈለጠ የሚሸጥ የሃምሳ ዓመት ሰው፣ ልብሱ ላይ ያለው አቧራ እንዳይራገፍ ሰግቶ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ሸሪኩ አጥናፉ፣ የቀድሞ የፍርድ ቤት ጸሐፊ፣ ባለ አምስት ገጽ ማመልከቻ ይዞ ቆሟል። ብድር ጠይቀው ከባንክ ሰው እየጠበቁ ነው።]

ደቻሳ፦ አንድም ቦታ የለም?

አጥናፉ፦ አንድም ቦታ።

ደቻሳ፦ አምስት ገጽ ሙሉ?

አጥናፉ፦ አምስት ገጽ፣ ከነአባሪው።

ደቻሳ፦ ድንጋይ ፈላጮች ነን። ታዲያ «ድንጋይ» የሚል ቃል ደብዳቤው ውስጥ የለም?

አጥናፉ፦ ደቻሳ፣ ስማኝ። ባንክ ቤት ተገብቶ «ድንጋይ» አይባልም። ቃሉ ራሱ ይከብዳል።

ደቻሳ፦ ቃሉስ ቀላል ነው። የሚከብደው ነገሩ ነው።

አጥናፉ፦ ይኸው! ጸሐፊው እኔ የሆንኩት ለዚህ ነው። ፈቃዱ ያንተ፣ ጉልበቱ ያንተ፣ ጭንቅላቱ የኔ። ትርፉ ለሁለት። በቃል ተስማምተናል፣ አልተስማማንም?

ደቻሳ፦ ተስማምተናል። ድንጋዩን ታዲያ ምን አልከው?

አጥናፉ፦ «ካባ»።

ደቻሳ፦ ካባማ ጉድጓዱ ነው። ድንጋዩ የሚወጣበት።

አጥናፉ፦ እሱን እኔም አውቃለሁ፣ ባንኩም ያውቃል። የተማረ ሰው ፍንጭ ይበቃዋል። አርእስቱን ስማው፤ «ጉዳዩ፦ የካባ ሥራችንን ለማስፋፋት የሚውል ብድር ስለመጠየቅ።»

ደቻሳ፦ ማስፋፋት?

አጥናፉ፦ ምነው?

ደቻሳ፦ ሬዲዮው የሶማሊያን ጦር «ተስፋፊው ወራሪ» እያለ ሲራገም ከረመ። አሁን እኛ በገዛ እግራችን ሄደን ተስፋፊ ነን ልንል?

አጥናፉ፦ እሱ አገር ነው የሚስፋፋው። ይሄ ጉድጓድ ነው።

ደቻሳ፦ በየት በኩል ነው የምንስፋፋው?

አጥናፉ፦ በሰሜን።

ደቻሳ፦ በሰሜን የዋቅጋሪ የገብስ ማሳ አለ።

አጥናፉ፦ እና?

ደቻሳ፦ ለዋቅጋሪ ተነግሮታል?

አጥናፉ፦ በምሥራቅ እንስፋፋለን! በቃ!

ደቻሳ፦ በምሥራቅስ ይሁን። መኪናውስ ተጽፏል? ድንጋይ መቁረጫው?

አጥናፉ፦ «ዘመናዊ መቁረጫ» ብዬዋለሁ። ሁለተኛው ገጽ ላይ።

ደቻሳ፦ ከክረምት በፊት ካልመጣልን ዋጋ የለውም። ለሚሠራው ትምህርት ቤት መሠረት የሚሆነውን ድንጋይ እስከ ሰኔ ካላደረስን ሥራውን ለሌላ ነው የሚሰጡት። ቦጋለ ጣቱን ከሰበረ ወዲህ ሦስት ፈላጭ ብቻ ቀርተናል። ተሸካሚዎቹ ሴቶች ቁጭ ብለው ይውላሉ። ትናንት ከነሱ አንዷ፣ ሳቢት፣ «ጋሼ፣ ሌላ ቦታ ልፈልግ ወይ?» አለችኝ።

አጥናፉ፦ ምን አልካት?

ደቻሳ፦ «አጥናፉ ጽፏል» አልኳት።

አጥናፉ፦ ጎሽ!

ደቻሳ፦ «እንግዲያው ልፈልግ» አለች።

[በር ይንኳኳል። የዓለምወርቅ ትገባለች። ፋይል ታቅፋለች፤ የልብስ ሰፊ ሜትር ከቦርሳዋ ጫፍ ወጥቶ ይታያል።]

የዓለምወርቅ፦ ጤና ይስጥልኝ። የካባ ሠሪዎቹ ቤት ይሄ ነው?

አጥናፉ፦ ይሄ ነው፣ ጓድ! ይግቡ፣ ይግቡ! [ለደቻሳ በሹክሹክታ] አየህ? ገባት።

የዓለምወርቅ፦ የዓለምወርቅ እባላለሁ፤ ከባንኩ። ማመልከቻችሁን ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ።

ደቻሳ፦ እንኳን ደህና መጡ፣ እመቤቴ።

አጥናፉ፦ እመቤት ቀርቷል! «ጓድ» በል!

ደቻሳ፦ እንኳን ደህና መጡ፣ ጓድ እመቤቴ።

የዓለምወርቅ፦ [ተቀምጣ ብዕሯን ታወጣለች] በካባ ሥራ ስንት ዓመት ሆናችሁ?

አጥናፉ፦ የሱ አባት የጀመሩት ነው።

የዓለምወርቅ፦ በእጅ ነው የምትሠሩት?

ደቻሳ፦ በእጅ ነው። መጨረሻ ላይ እጁ ያልቃል።

የዓለምወርቅ፦ ደንበኞቻችሁ መቼም ቤተ ክርስቲያን ይበዛቸዋል።

ደቻሳ፦ አምና ለአንድ ደብር አቅርበናል።

የዓለምወርቅ፦ ለካህናቱ?

ደቻሳ፦ ለአጥሩ።

[የዓለምወርቅ መጻፏን ታቆማለች።]

አጥናፉ፦ ለአጥርም፣ ለመሠረትም፣ ለደረጃም ይሆናል ጓድ። ሁሉን አቀፍ ነው።

የዓለምወርቅ፦ ደረጃ ላይ ይነጠፋል?

ደቻሳ፦ ይነጠፋል። ሰው ይረግጠዋል።

የዓለምወርቅ፦ ካባውን?

ደቻሳ፦ ካባውንማ አይደለም። ከካባው ውስጥ የወጣውን።

የዓለምወርቅ፦ ከካባ ውስጥ የሚወጣውማ ቄሱ ነው።

ደቻሳ፦ [አስቦ] እኛ እስካሁን ቄስ አላጋጠመንም። አንዴ ጅብ ወጥቷል።

አጥናፉ፦ [ሳቅ እየሞከረ] ቀልደኛ ነው ጓድ! ይቀጥሉ።

የዓለምወርቅ፦ ለሠርግስ ይወሰዳል?

ደቻሳ፦ ለጉልቻ የሚወስዱ አሉ። ሦስት ሦስት።

የዓለምወርቅ፦ ለአንድ ሙሽራ ሦስት?

ደቻሳ፦ ካነሰ ድስቱ ይወድቃል።

[የዓለምወርቅ «ድስት» ብላ ትጽፋለች፤ ጥቂት አይታው ትሰርዘዋለች።]

የዓለምወርቅ፦ ቀለሙ ምን ዓይነት ነው?

ደቻሳ፦ ግራጫ ነው። ጥቁርም አለ። ዝናብ ሲመታው ያምርበታል።

የዓለምወርቅ፦ ዝናብ አያበላሸውም?

ደቻሳ፦ ኧረ ዝናብ! ድማሚትም እንቢ ያለው አለ።

የዓለምወርቅ፦ ድማሚት?

አጥናፉ፦ አይስጉ፣ ፈቃድ አለን።

የዓለምወርቅ፦ ድማሚት... ለካባ?

አጥናፉ፦ ጓድ፣ ያለ ድማሚት ካባ እንዴት ይከፈታል?

የዓለምወርቅ፦ እኔ የማውቀው ካባ ቁልፍ አለው።

[አጥናፉ እንደገባው ሰው ራሱን ይነቀንቃል።]

የዓለምወርቅ፦ [ሜትሩን አውጥታ] እስቲ ልኩን ንገሩኝ። ትልቁ ስንት ነው?

ደቻሳ፦ ሰባ በአርባ።

የዓለምወርቅ፦ ሳንቲ ሜትር?

ደቻሳ፦ ሜትር።

[የዓለምወርቅ የያዘችውን የልብስ ሰፊ ሜትር ትመለከታለች። መልሳ ቦርሳዋ ውስጥ ትከተዋለች።]

የዓለምወርቅ፦ አባባ፣ ይሄን ካባ ማን ነው የሚለብሰው?

ደቻሳ፦ ጓድ እመቤቴ፣ እኛ ካባ የምንለው ጉድጓድ ነው። ድንጋይ የሚወጣበት። ድንጋይ ፈላጮች ነን።

የዓለምወርቅ፦ [ገጾቹን አንድ በአንድ ታገላብጣለች] «ድንጋይ» የሚል የትም የለም።

ደቻሳ፦ የለም። ቅድም የተከራከርነው በሱ ነበር።

የዓለምወርቅ፦ እኔ በባንኩ የስፌትና የሽመና ክፍል ባለሙያ ነኝ። «ካባ» ይላል፤ «ማስፋፋት» ይላል፤ «ዘመናዊ መቁረጫ» ይላል። ሰፋ ያለ ካባ የሚሰፉ ልብስ ሰፊዎች መስላችሁኝ ስምንት የስፌት መኪና አስይዤላችኋለሁ።

አጥናፉ፦ [ቀና ብሎ] ስንት አሉ?

የዓለምወርቅ፦ ስምንት።

አጥናፉ፦ እንግዲህ ጓድ፣ እውነቱን ለመናገር ስፌትም ጎን ለጎን አለን።

ደቻሳ፦ የለንም።

አጥናፉ፦ ሊኖረን ይችላል! ሽሮ ሜዳ እዚሁ ነው! ጨርቁ ከዚያ ይመጣል፣ እኛ...

ደቻሳ፦ አጥናፉ፣ እኔ ይሄን ጣት ይዤ መርፌ ልሰካ?

[እጁን ዘርግቶ ያሳያል። የዓለምወርቅ እጁን ታያለች። ፋይሉን ዘግታ ትነሳለች።]

ደቻሳ፦ ይቅርታ ያድርጉልን። ጨርቅ አያለሁ ብለው መጥተው ድንጋይ ሲያገኙ ደስ አይልም። ከአዲሱ ገበያ ድረስ በእግርዎ ነው የወጡት?

የዓለምወርቅ፦ በእግሬ ነው።

ደቻሳ፦ እንግዲያው ውሃ ጠጥተው ይሂዱ። ብድሩ ቢቀር ውሃ አይቀርም።

[ውሃ ይሰጣታል። ጠጥታ፣ ቆማ ታስባለች።]

የዓለምወርቅ፦ የግንባታ ዕቃ ክፍል ገንዘብ አለው። ዘንድሮ በዚህ ከፍተኛ ካሉት ቀበሌዎች ሁሉ «ድንጋይ» ብሎ የጠየቀ ሰው የለም። ቅጹ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ ሞልቼ ላደርስላችሁ እችላለሁ።

አጥናፉ፦ ድንቅ! ይጻፉ፤ «ሰፊው ሕዝብ ባለፉት ዓመታት ባካሄደው መራራ...»

የዓለምወርቅ፦ እሳቸው ይንገሩኝ። አባባ፣ ምን ይሠራሉ? ምን ይፈልጋሉ?

ደቻሳ፦ ድንጋይ እንፈልጣለን። መቁረጫ መኪና እንፈልጋለን።

የዓለምወርቅ፦ [እየጻፈች] ይቀጥሉ።

ደቻሳ፦ አለቀ።

አጥናፉ፦ እንዴት ያልቃል! መግቢያ የለው፣ ሐተታ የለው!

የዓለምወርቅ፦ በቀን ስንት ድንጋይ ታወጣላችሁ?

አጥናፉ፦ በግምት፣ ተጨባጩን ሁኔታ ከግንዛቤ ስናስገባ፣ ከአንድ ሺህ...

ደቻሳ፦ መቶ ሃያ። ከዘነበ ሰማንያ።

የዓለምወርቅ፦ መኪናው ሲመጣስ?

ደቻሳ፦ መኪናውን አላየሁትም። ያላየሁትን አልቆጥርም።

[የዓለምወርቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ትላለች። ጽፋ ትጨርሳለች።]

የዓለምወርቅ፦ ፈቃዱ በስምዎ ነው? እንግዲያው እዚህ ጋ ይፈርሙ።

ደቻሳ፦ ማንበብ አልችልም። ያንብቡልኝ።

የዓለምወርቅ፦ «እኔ ከላይ ስሜ የተጠቀሰው ባለፈቃድ፣ የሚሰጠኝን ብድር ለድንጋይ መቁረጫ መኪና መግዣ ብቻ እንደማውል አረጋግጣለሁ።»

ደቻሳ፦ አንዴ ይድገሙልኝ።

[ትደግምለታለች።]

ደቻሳ፦ «ብቻ» የሚለው የት ጋ ነው?

የዓለምወርቅ፦ እዚህ ጋ።

ደቻሳ፦ [ቃሉን በትኩረት ያየዋል] ትንሽ ናት። [አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ያትማል።]

አጥናፉ፦ አዩልኝ ጓድ፣ የኛ ነገር እንዲህ ነው። አንዲት ወረቀት ለመፈረም ግማሽ ቀን!

የዓለምወርቅ፦ በጣት አሻራ ስለሆነ ማንበብና መጻፍ የሚችል ምስክር ከሥር መፈረም አለበት።

አጥናፉ፦ [አንገቱን ያቀናል] ማንበብና መጻፍ? በዚህ ቀበሌ ማንበብና መጻፍ ከተባለ ወዴትም መሄድ የለብዎትም።

የዓለምወርቅ፦ ላንብብልዎት?

አጥናፉ፦ ለኔ? ጓድ፣ እኔ አሥራ ስምንት ዓመት ፍርድ ቤት የጻፍኩ ሰው ነኝ! እንዲህ ያለውን ቅጽ ተኝቼም አውቀዋለሁ።

የዓለምወርቅ፦ ቢያዩት ግን ጥሩ ነበር።

አጥናፉ፦ ብዕሩን ወዲህ ይበሉ።

[እጅጌውን ሰብስቦ ረጅም፣ ጠመዝማዛ፣ ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ የሚመለስ ፊርማ ይፈርማል። የዓለምወርቅ አንዱን ቅጂ ትሰጣቸዋለች።]

የዓለምወርቅ፦ ሐሙስ የግንባታ ክፍሉ ሰው መጥቶ ካባውን ያያል። እንዳሉት ከሆነ መኪናው እስከ ግንቦት ይደርሳል። ደህና ዋሉ።

ደቻሳ፦ እግዜር ይስጥልን፣ ጓድ እመቤቴ።

[ትወጣለች። አጥናፉ ሶፋው ላይ ተንጋሎ እግሩን ያነባብራል።]

አጥናፉ፦ አየህ? ማን አመጣት? የኔ ማመልከቻ!

ደቻሳ፦ እውነት ነው። ባትሳሳት ኖሮ አትመጣም ነበር።

አጥናፉ፦ ማንስ ጨረሰው? የኔ ፊርማ!

ደቻሳ፦ እስቲ ከጣቴ በታች ያለውን አንብብልኝ። የኔን ብቻ ነው ያነበቡልኝ።

አጥናፉ፦ [መነጽሩን ያደርጋል፤ እንደ ችሎት ድምፁን ይጠርጋል] «እኔ ከዚህ በታች የፈረምኩት ምስክር፣ ባለፈቃዱ በፊቴ በጣቱ ማተሙን አረጋግጣለሁ።» ይኸው።

ደቻሳ፦ ከሥሩ ሌላ መስመር ያለ ይመስለኛል።

አጥናፉ፦ «እንዲሁም በተጠቀሰው ድርጅት ውስጥ ድርሻም ሆነ...» [ይዘገያል] «...ማናቸውም ጥቅም...»

ደቻሳ፦ ጥቅም?

አጥናፉ፦ «...የሌለኝ...»

ደቻሳ፦ ጨርሰው።

አጥናፉ፦ «...ገለልተኛ ሰው መሆኔን በሕግ ፊት አረጋግጣለሁ።»

[አጥናፉ ያነባበረውን እግር ያወርዳል።]

አጥናፉ፦ ለምን አልነገርከኝም?

ደቻሳ፦ እኔ ማንበብ አልችልም።

አጥናፉ፦ ትርፉ ለሁለት ነው ተባብለናል እኮ!

ደቻሳ፦ ተባብለናል። ቃሌን አልበላም። ለኔ ያው ሸሪኬ ነህ።

አጥናፉ፦ ለባንኩስ?

ደቻሳ፦ ለባንኩ ጎረቤቴ ነህ።

[አጥናፉ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠግቶ ያየዋል። ይገለብጠዋል። መልሶ ይገለብጠዋል።]

አጥናፉ፦ ፍርድ ቤት ሄጄ አሰርዘዋለሁ።

ደቻሳ፦ ምን ይሉሃል?

አጥናፉ፦ [ቀስ ብሎ] «ፊርማው ያንተ ነው?» ይሉኛል።

ደቻሳ፦ ምን ትላቸዋለህ?

አጥናፉ፦ ...ነው።

ደቻሳ፦ [ወረቀቱን ተቀብሎ፣ ዘቅዝቆ ይዞ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ እያየ] ፊርማውስ ያምራል።