ዞቢ ስንት ቀረ?

ሰው ያለውን ሲጠይቁት «የለኝም»፣ የሌለውን ሲጠይቁት «ሞልቶኛል» ይላል። ይህን ለማወቅ ከሦስተኛ ክፍል በላይ መማር አያስፈልግም፤ መተማ ዮሐንስ ላይ፣ ወደ ኬላው በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በርጩማ አውጥቶ በር ላይ መቀመጥ ይበቃል። እኔ ሃያ ዓመት ተቀምጫለሁ። ወደ ሱዳን ለመሻገር የተሰለፈውን ከባድ መኪና፣ ባጃጅ ውስጥ አንገቱን ቀብሮ የሚያልፈውን ባለትዳር፣ ሁሉንም አያለሁ። ሰዎች ወሬኛ ይሉኛል። ይህ ሥራ በትምህርት ቤት «ጥናት» እንደሚባል ያወቅሁት ሰብለ የምትባል ልጅ ግቢዬ ውስጥ ክፍል የተከራየች ጊዜ ነው።

ሰብለ ከዩኒቨርሲቲ የመጣች ዛፍ ቆጣሪ ናት። አዎ፣ ዛፍ! እኔም እንደናንተ ስቄ ነበር። ጠዋት ጠዋት ገመዷን ይዛ ትወጣለች፣ ጫካው ውስጥ አራት ማዕዘን አድርጋ ትወጥረዋለች፣ ከገመዱ ውስጥ ያለውን ዛፍ አንድ በአንድ ቆጥራ ትጽፍና ወደ ሌላ ቦታ ትሄዳለች። ቦታውን ማን መረጠልሽ ብላት ዕጣ ነው አለችኝ፤ ደስ ያላትን ከመረጠች እግሯ ዛፍ ወደ በዛበት ብቻ ይወስዳታላ። ይህስ ገባኝ። እኔም የሰፈሬን ሰው በሠርግ ቀን ብቻ ባየው ኖሮ፣ ሁሉም ደግ ነው ብዬ እሞት ነበር።

ከሁሉ በላይ የምትፈልገው ዞቢን ነው። ዞቢ ለማታውቁ፣ ልቡ እንደ ከሰል የጠቆረ፣ ውኃ ላይ ቢጥሉት የሚሰጥም፣ ምሳር የሚያደንዝ እንጨት ነው። ከሱ የተሠራ ዘነዘና እናትም ልጅም ወቅጠውበት አያልቅም። ድሮ ሞልቶ ነበር። አሁን ስንት ቀረ?

ብርቅነት ደግሞ አንድ ዓይነት እንዳይመስላችሁ። አንዳንዱ ዛፍ፣ አለች ሰብለ፣ በየአገሩ አለ፤ ግን በሄድሽበት አንድ ሁለት ብቻ ነው። አንዳንዱ አንድ ሸለቆ ውስጥ ይርመሰመሳል፤ ከዚያ ሸለቆ ውጭ ግን ዘሩም የለ። አንዳንዱ ደግሞ መሬት ይመርጣል፣ ያልተመቸው ቦታ አይበቅልም። እኔ ይህን ስሰማ ዝም ብዬ ሰፈሩን መደብኩት። ጥሩ ባል በየቀበሌው አንድ አንድ አለ። ወሬኛ እኛ መንገድ ላይ ይርመሰመሳል። የተዋሰውን ወንፊት ሳይጠየቅ የሚመልስ ሰው ግን አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ እሷም ወደ ገለጉ ሄደች።

ነገሩ ግን ጨዋታ አልነበረም። ኮሩ ዳር (ክረምት ሞልቶ በጋ የሚደርቀው ወንዛችን ነው) ያለው ተረተር በመጪው ክረምት ለሰሊጥ ሊታረስ ታስቧል። ሰብለ እዚያ ዞቢ ካገኘች ቦታው ይተዋል፤ ባዶ ከጻፈች ትራክተሩ ይገባል። ስንት ቀን ገመድ ወጥራ አንድም አላገኘችም። አላየሁም ማለት የለም ማለት አይደለም እትዬ የሺ፣ አለችኝ ዓይኗ እንባ አቅርሮ፤ ወረቀት ላይ ግን ሁለቱም ያው ባዶ ናቸው።

ሰዉን ብትጠይቅ ሁሉም «ዞቢማ ድሮ አለቀ እኮ!» አላት። ውሸታም ሁሉ! በኛ ሰፈር እያንዳንዱ ሰው የደበቃት አንዲት ዞቢ አለችው። ለምሳር እጀታ፣ ለአልጋ እግር ብሎ ዓመት ሙሉ እየሄደ ያያታል፣ ለወንድሙም አይናገር። እኔ ግን ሱሪው ላይ ከተጣበቀው እሾህ በየት በኩል እንደመጣ አውቃለሁ። ተረተሩ ላይ አምስት ነበሩ።

እዚያው ተረተር ላይ ስድስተኛዋ የኔ ናት። ለልጄ ለውዴ ዘነዘና ስምንት ዓመት ስጠብቃት ኖሬአለሁ። ውዴ ከፋሲካ በኋላ አብደራፊ ልትዳር ነው፤ አማቷ ደግሞ እየሰማሁ «የዘንድሮ ሙሽራ ምን ዘነዘና አላት፣ ማማሰያ ይዛ ነው የምትመጣው» ብላለች። እንግዲህ ፍረዱኝ። አምስቱ ይበቃታል ብዬ የሌላውን ሰው ለሰብለ ነገርኩ፣ የራሴን ዋጥኩ።

ጥፋቴ የነገርኳት ወፍጮ ቤት ተራ ስንጠብቅ መሆኑ ነው። ወፍጮው ስለሚጮህ እኔም ጮህኩ። መሀል ላይ መብራት ሄዶ ወፍጮው ዝም ሲል፣ እኔ አላቆምኩም።

እኛ ዘንድ ደግሞ የተቆጠረ ነገር የመንግሥት ነው፤ ይህን የማያምን የለም። በማግስቱ ጠዋት ገመዳችንን ይዘን ብንሄድ የመጀመሪያዋ ጉቶ ናት፣ ፍልጥልጧ ገና እርጥብ። ሁለተኛዋም ጉቶ። ሦስተኛዋ፣ አራተኛዋ፣ እንደዚያው። አምስተኛዋ ጋ ጎረቤቴ አያ ፈንቴ ከወደቀው ግንዷ ላይ ተቀምጠው ላባቸውን ይጠርጋሉ፣ ምሳራቸው ዶልዱሟል። እታለም የሺ፣ አሉኝ፣ አፍሽ ባይቀድም ምሳሬም አይቀድም ነበር። ኧረ እርስዎ ደግሞ «አለቀ» ያሉት እኮ ትናንት ነው ብላቸው፣ ታዲያ ዛሬ እውነት አደረግሁት አሉ።

ሰብለ ጉቶው ላይ ቁጭ አለች። ስንት እንደቀረ ልቁጠር ብዬ መጥቼ ያስጨረስኩት እኔው ነኝ አለች። አይ ልጄ፣ ያስጨረሰውስ የኔ አፍ ነው። ደብተሯን ገለጠች። እርሳሷን አንስታ ባዶ ልትጽፍ ስትል ክንዷን ያዝኩ። ዘነዘናዬ በዓይኔ ዞረ፤ አማቲቱም አብራ ዞረች። ቢሆንም ተነሽ አልኳት።

ዞቢዬን ስታይ እንዴት እንደሳቀች! ዙሪያዋን ለካች፣ የቆርቆሮ ቁጥር በላላ ሽቦ አሰረችባት፦ 1። በዕጣ የተገኘች ስላልሆነች ለብቻዋ ገጽ ላይ ጻፈቻት። አንድ ዛፍ ምን ያደርጋል ብላት፣ ከባዶ እስከ አንድ ያለው መንገድ ከአንድ እስከ መቶ ካለው ይረዝማል አለችኝ። እውነትም ክረምት ሲገባ ትራክተሩ ተረተሩ ድረስ መጥቶ ተመለሰ። ጉቶዎቹም እያቆጠቆጡ ነው አሉ።

ዘነዘናውስ? በሠርጉ ቀን አያ ፈንቴ ከዚያችው ከግንዳቸው የጠረቡትን ተሸክመው መጡና፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ይህ የእናትሽ አፍ የቆረጠው ነው ብለው ለውዴ ሰጧት። አማቲቱ ላንሳው ብላ ሁለት እጇን ተጠቀመች።

አሁን መንገደኛው ሁሉ ደጃፌ ላይ ቆሞ ያቺ ቁጥር አንድ ዛፍ ወዴት ናት ይለኛል። አላውቅም እላለሁ፤ ለእናንተም ያው ነው መልሴ። ሰብለ ይህን ብትሰማ ገመዷን ይዛ ትመለስና ደጃፌ ላይ ትወጥረውና እንዲህ ትጽፍ ነበር፦ ከየሺ አፍ ያልወጣ ወሬ፤ የታየበት ቦታ አንድ፣ ብዛቱ አንድ።