ፀሐይ ገና እምብርቴ ላይ ናት

የማይሳሳት ሰው የሌለበት መንደር የለም። በባርታንግ ሸለቆ ይህ ማዕረግ የክቡር ቀን ቆጣሪው የአባባ ኹሽናዛር ነው። በሸለቆው ልማድ የበረዶው ወራት ሲያልፍ ፀሐይ በሰው ገላ ላይ መውጣት ትጀምራለች፤ ከእግር ጥፍር ተነስታ በየደረሰችበት ሦስት ሦስት ቀን እያረፈች ወደ ራስ ታቀናለች። ጉሮሮ ስትደርስ ከብቱ ወደ ላይኛው ግጦሽ ይነዳል። እሳቸው ሳይናገሩ የሚነዳ የለም፤ ቀኑ የሚቆጠርበት ገላም የሳቸው ነው።

ሠርግ መቼ ነው ሲሏቸው «ጉልበቴ ላይ» ይላሉ። ምራታቸው መቼ እንደምትወልድ ሲጠየቁ «ጭኔ ላይ»። ውርጭ የግራ እግራቸውን አውራ ጣት የበላው ጊዜ ጎረቤታቸው ዛርባኑ፣ «እንግዲህ ዘንድሮ ሦስት ቀን አተረፍን አባባ!» ብላ ስቃባቸው ነበር።

«ፀሐይዋ መቆረጡን አልሰማችም» አሉ፣ ፊታቸው ሳይፈታ።

አሁን ሳቁ ቀርቷል። በረዶው ሳስቶ፣ የላይኛው መስክ ሳር ቀድሞ ይበቅልና ቆጠራው ጉሮሮ ሳይደርስ ይደርቃል። አምና መንደርተኞቹ ጠብቀው ሲወጡ ከእግራቸው ሥር የሚንኮሻኮሽ ቢጫ ሳር ብቻ አገኙ። ከብቱ እንደከሳ ወረደ። ከዛርባኑ ዘጠኝ ፍየሎች አምስቱ ብርዱን አላለፉም፤ ሬሳቸውን ስትጎትት እንደ ባዶ ስልቻ ቀለዋት። የቀሩት አራቱ ካለቁ ለልጆቿ ወተት የለም።

ዘንድሮ አባባ ኹሽናዛር በር ላይ መጥታ ቆመች።

«አባባ፣ እላይ ሳሩ ወጥቷል። እንሂድ።»

«ፀሐይ ገና እምብርቴ ላይ ናት።»

«ፍየሎቼ የሚበሉት የእርስዎን እምብርት አይደለም!»

«አያቴ በዚሁ ቆጠራ ነው የኖሩት።»

«አያትዎ የነበራቸው በረዶስ የት አለ? ያምጡልኛ!»

ሽማግሌው ወደ ተራራው ቀና አሉ። ነጭ የነበረው ጫፍ እንደ ከሰለ እንጨት ጠቁሯል።

በማግስቱ ጠዋት ጣራቸው ላይ ወጥተው ጮኹ። «ጉሮሮዬ ደርሳለች! ንዱ!»

መንደሩ ተራወጠ። እንዴት ብሎ የጠየቀ የለም። ዛርባኑ ግን ስህተታቸውን አንድ ቀን እጅ ከፍንጅ ለመያዝ ስትል ሃያ ዓመት በጣቷ ስትቆጥር ኖራለች። ሆድን፣ ልብን፣ ደረትን ዘለዋል፤ ድፍን ዘጠኝ ቀን። እሷም ፍየሎቿን ነዳች።

እላይ ሲደርሱ የመስኩ ግማሽ ቢጫ ሆኗል። ግማሹ ግን አረንጓዴ ነበር፤ እንዲህ ያለ ቀለም በዓለም መኖሩን ረስታ የኖረች ይመስል ቆማ አየችው። ለሦስት ሳምንት ቢበቃ ነው። ፍየሎቹ ቀና ሳይሉ ይግጣሉ።

አባባ ኹሽናዛር ዱላቸውን ተደግፈው አጠገቧ መጡ። አያዩዋትም።

«አንቺ ትቆጥሪያለሽ፤ አውቃለሁ። ስንት ቀን ሰረቅኩ?»

ቁጥሩ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ሽማግሌው ደረታቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው ይጠብቃሉ።

«አንድም፣ አባባ» አለችና ፊቷን ወደ ፍየሎቿ አዞረች።